ባሕሩን ያየነው በባቡር መስኮት ነበር

በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። አንድ ደንበኛዬ ወደብ ላይ በቀረ ዕቃ ሰበብ ክርክር ውስጥ ገብቶ ስለነበር፣ ሰነድ ለማሰባሰብ ጂቡቲ መሄድ ግድ ሆነብኝ። በአውሮፕላን መሄድ ስችል ድሬዳዋ አደርኩና በአዲሱ ባቡር ተሳፈርኩ። ባቡሩ ንጹሕ ነው፤ ፈጣን ነው፤ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው። ያለ ሐሰት ደስ ብሎኝ ነው የተጓዝኩት። ናጋድ ጣቢያ ስወርድ ግን ግራ ገባኝ። ትልቅና ያማረ ጣቢያ ነው። ዙሪያው ሜዳ ነው። ከተማው የለም። ባሕሩም የለም።

ታክሲ ያዝኩ። ሹፌሩ በዕድሜ የገፉ፣ አማርኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ሁለት ቃል እንደተናገርኩ፣ «ድሬ ነህ አይደል?» አሉኝ። እርሳቸውም ልጅነታቸውን ገንደ ቆሬ ያሳለፉ ኖረዋል። ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው እንደሚያውቀው፣ እዚያ «እርስዎ» የሚባል ነገር ብዙ ቦታ የለውም፤ ሁሉም አንተና አንቺ ነው። ሰውዬውም በዚያው ልማድ እየነዱ አወጉኝ። «አሮጌው ባቡር እኮ እዚህ አይጥልህም ነበር። መሐል ከተማ ነበር የሚያወርድህ። ሻንጣህን አንጠልጥለህ በእግርህ ትገባለህ፤ ባሕሩም እዚያው ነው።» ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ «አሁን ባቡሩ መጣ፤ ከተማው ቀረ» አሉ።

ይህች ዓረፍተ ነገር ካሰብኩት በላይ አብራኝ ቆየች። ዛሬ ስለ እርሷ ልጻፍ። ጉዳዩ የአንድ ጡረተኛ ትዝታ ብቻ ቢሆን ኖሮ የአንባቢን ጊዜ አልወስድም ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ግን በዚህች ትዝታ ውስጥ የተቀበረ ክስ አለ። ክሱም ባቡርን ለማን ነው የምንሠራው የሚል ነው።

የአንድ ሐዲድ ልጆች

ታሪኩን ባጭሩ እናስታውስ። ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን መስመር የመሥራት ፈቃድ ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ውሉ የ99 ዓመት ነው። እኛ የሕግ ሰዎች ኮንሴሽን የምንለው ዓይነት ነው። በዕቅዱ መሠረት መስመሩ ከጂቡቲ ተነስቶ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከዚያም ከፋና ነጭ ዓባይ ድረስ ሊዘልቅ ነበር። የሐረር ተራራ ግን ለሐዲድ የሚመች አልሆነም። ስለዚህ ባቡሩ ከተራራው ግርጌ ቆላው ላይ ቆመ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ሐዲዱ የደረሰበት ያ ሜዳ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ። እኛ ድሬዳዋ የምንለው ከተማ ነው።

ከዚያ በኋላ ገንዘብና ፖለቲካ ተጠላለፉ። ኩባንያው ከሰረ፤ የፈረንሳይ መንግሥት እጁን ማስገባቱ ምኒልክን አስቆጣ፤ ሥራው ለዓመታት ቆመ። በመጨረሻም በአዲስ ኩባንያ ተቀጥሎ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ጂቡቲ ከተማም ድሬዳዋም ከባቡሩ በፊት እንዲህ ያሉ ከተሞች አልነበሩም። ከዚያ በፊት የሐረር ንግድ ዋነኛ በር ዘይላ ነበረች። አንዷን ወደብ ያሳደገ፣ ሌላዋን ከሜዳ ያበቀለ ያው አንድ ሐዲድ ነው። ባቡሩ ከተሞቹ ውስጥ ገባ ከማለት ይልቅ ከተሞቹ በባቡሩ ዙሪያ ተሠሩ ማለት ይቀላል። የከዚራ ቀጥ ያሉ መንገዶች ጣቢያውን እያዩ ነው የተዘረጉት። የአዲስ አበባው «ለገሃር» ስሙ ራሱ ጣቢያ ማለት ነው፤ የፈረንሳይኛውን «ላ ጋር» ሕዝቡ በራሱ አፍ አማርኛ አድርጎት ቀረ።

አክስቴ በዚህ ባቡር ትነግድ ነበር። ቲማቲምና ሎሚ ይዛ ትሄዳለች፤ ጨርቅና የኒዶ ቆርቆሮ ይዛ ትመለሳለች። የጉምሩክ ሕግ ስማር ከመጽሐፉ ይልቅ በሐሳቤ የሚመጡት አክስቴና እርሷ የምትፈራቸው ፊናንሶች ነበሩ። በ1984 ዓ.ም. ክረምት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፣ «ዕቃ ትሸከምልኛለህ» ብላ ይዛኝ ሄደች። ሽኒሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ፣ ከዚያ አሊ ሳቢህ፣ ሆልሆል። በየጣቢያው የግመል ወተት የሚሸጡ ሴቶች በመስኮት ይደርሱብናል። ባቡሩ ለሌላ የቆመ ይመስላል እንጂ የሚቆመው ለእነርሱ ነበር። ከብዙ ሰዓት ሙቀትና ድንጋይ በኋላ አክስቴ በክርኗ ነካችኝና «ያውልህ» አለች። ሰማዩ ጫፍ ላይ ሰማያዊ መስመር ተጋድሟል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ያየሁት በሦስተኛ ማዕረግ መስኮት ነው።

ዕድሜዬን የሚጋሩ ብዙ የድሬዳዋ ልጆች ተመሳሳይ ታሪክ አላቸው። ባሕርን የምናውቀው በካርታ አልነበረም፤ በትኬት ነበር።

የምጽዋው ባቡር

ወደ ባሕር የወሰደን ባቡር አንድ ብቻ አይደለም። ሁለተኛው የምጽዋው ነው። አጎቴ የባሕር ኃይል ባልደረባ ሆኖ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ምጽዋ አገልግሏል። በዓል ላይ ሲሰበሰቡ ስለ ጦርነት ብዙ አያወራም፤ የሚያወራው ስለ ሊቶሪናዋ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የአስመራ ሰው ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ በሊቶሪና ቁልቁል ይወርዳል። ባቡሩ የብሱን ከጥዋለት ደሴት ጋር በሚያገናኘው መንገድ ላይ፣ ግራና ቀኝ ውኃ እያየ፣ ከተማው ውስጥ ይገባል። ሰዉ ከዚያ ወደ ጉርጉሱም ለመዋኘት ይበተናል። ጋሼ ይህንን ሲናገር ድምፁ ይቀየራል።

ያንን መስመር ጣሊያኖች ከምጽዋ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1887 ለጦር ስንቅ ማመላለሻ ነው። አስመራ የደረሰው በ1911 ነው። በ118 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከባሕር ወለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። በደርግ ዘመን ሥራው ቆመ፤ ሐዲዱም ተነቅሎ የምሽግ ማጠናከሪያ ሆነ። ኤርትራ ነፃ መንግሥት ከሆነች በኋላ የሆነው ነገር ግን ትኩረት የሚሻ ነው። ከ1994 ጀምሮ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው፣ ከየምሽጉ የተሰበሰበውን ሐዲድ መልሰው አነጠፉ፤ አሮጌዎቹን ባቡሮች ጠግነው አስነሱ። በ2003 ከምጽዋ እስከ አስመራ ያለው መስመር ዳግም ተከፈተ። እርግጥ ከዚያ ወዲህ የሄደው ባቡር በአመዛኙ ለጎብኚ ነው፤ ኢኮኖሚ የሚሸከም አይደለም። ቢሆንም አንድ ነገር አሳይቷል። ትዝታ ያለው ሰው ከተጠራ የሚያበረክተው ዕንባ ብቻ አይደለም፤ ሙያም አለው።

ይህ የእኛ አካባቢ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል አንድ የሩቅ ምሳሌ ልጨምር። በደቡብ እንግሊዝ ዌይማውዝ የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. ከ1865 ጀምሮ ባቡር በመንገዷ መሐል አልፎ የመርከብ ማረፊያው ድረስ ይሄድ ነበር። ሠራተኞች ከፊት ከፊቱ በእግራቸው እየሄዱ ሰዉን ያስጠነቅቃሉ፤ ሐዲዱ ላይ የቆመ መኪና ካለ ባቡሩ ቆሞ ይጠብቃል። መደበኛው ጉዞ በ1987 ቀረ። በ1999 ደግሞ አንድ ልዩ ባቡር ለመጨረሻ ጊዜ አለፈ። ሐዲዱ ለብስክሌተኞች አደገኛ ነው ተብሎ የተነሳው ግን ከ20 ዓመት በኋላ፣ ከረጅም ክርክር ቀጥሎ ነው፤ ጥቂቱም ለመታሰቢያ ቀርቷል። ልብ በሉ፤ ባቡር ለማያልፍበት ብረት ያን ያህል ዓመት ተከራከሩ። ይህን ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል። እኔ የማየው ግን ሌላ ነው፤ ከተማው ሐዲዱ የእኔ ነው ብሎ ያምን ነበር።

ትዝታ የሚደብቀው

ትዝታ እኛ ዘንድ ቅኝት ነው፤ ስለዚህ ሲዜም ሁሉም ነገር ያምራል። ጠበቃ ግን የራሱን ምስክር ጭምር መመርመር አለበት።

አሮጌው ባቡር የምናወድሰውን ያህል ደግ አልነበረም። አዝጋሚ ነበር፤ ይዘገይ ነበር። በ1969 ዓ.ም. በተጀመረው የሶማሊያ ወረራ ድልድዮች ተመትተው መስመሩ ተቋርጧል። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል የገባው ባቡር ከ400 በላይ ሰዎችን ፈጅቷል። ያኔ የ15 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ድሬዳዋ ውስጥ ለቅሶ ያልገባበት ሰፈር መኖሩን አላስታውስም። ስለ አሮጌው ባቡር ስናወራ ይህንን ቀን የምንዘለው ለምንድን ነው?

ውሉም ቢሆን ንጹሕ አልነበረም። የአገሪቱ ዋና የንግድ በር ለረጅም ዘመን በውጭ ኩባንያ እጅ ነበር። ኢትዮጵያ የግማሽ ባለቤትነቱን ያገኘችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ በተደረገው ስምምነት ነው። በ1973 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያና የጂቡቲ የጋራ ድርጅት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ያለው የማዝገም ታሪክ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተጀመረው ጥገና ሳይጠናቀቅ ቀረ፤ መስመሩን ለግል ኩባንያ በኮንሴሽን ለመስጠት የተደረጉት ሙከራዎችም አልሰመሩም። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ አበባው ጉዞ ቆመ። አሮጌውን ባቡር አዲሱ ገደለው የሚሉ አሉ። ትክክል አይደለም። አዲሱ ሲመጣ አሮጌው በአልጋ ላይ ነበር።

ስለዚህ «የድሮው ይመለስ» የሚል ጽሑፍ አልጽፍም። አንድ ሜትር ስፋት ባለው፣ ባረጀ ሐዲድ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር ንግዱን አያመላልስም።

አዲሱ መስመር ለማን ይቆማል?

አዲሱ መስመር ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቷል። አብዛኛው ገንዘብ ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ጀመረ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የማስተዳደሩ ሥራ ከቻይና ኩባንያዎች ወደ ሁለቱ አገሮች ባለሙያዎች ተላለፈ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ በአመዛኙ በጂቡቲ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ኮንቴይነር በባቡር መጓዙ አገር የሚጠቅም ጉዳይ ነው።

ይሁንና ጣቢያዎቹን እንመልከት። የአዲስ አበባው ለቡ ነው። የድሬዳዋው ከከተማው ውጪ ነው። የጂቡቲው ናጋድ ነው። መሐንዲሶች ምክንያት አላቸው፤ ምክንያታቸውም ተራ አይደለም። ፈጣን ባቡር ጠባብ ኩርባ አይወድም። ከተማ ውስጥ ማለፍ ማለት ማቋረጫ፣ አጥር፣ አደጋና ውድ የሆነ የካሳ ክፍያ ማለት ነው። ብድሩን የሚመልሰውም ጭነት እንጂ ቲማቲም የያዘች ሴት አይደለችም።

ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ፣ ጥያቄው አልተመለሰም። ጣቢያ ከከተማ ሲርቅ ዋጋውን የሚከፍል አለ። የሚከፍለውም በግል መኪና የሚመጣው አይደለም። ከጣቢያው እስከ ቤቱ ያለው የታክሲ ሒሳብ የባቡሩን ትኬት ትርፍ የሚበላበት ሰው ነው። በየጣቢያው ወተት ትሸጥ የነበረችው ሴት ናት። አዲስ አበባ ውስጥም ያው ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር መሐል ከተማን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ለገሃር ላይ ጣቢያ አለው። ነገር ግን ሁለቱ መስመሮቹ ሲሠሩ አንዳቸውም ለቡ እንዲደርሱ አልተደረገም። ባንድ ዘመን፣ ባንድ መንግሥት የተሠሩ ሁለት ባቡሮች እርስ በርስ አይተዋወቁም። ይህ የምሕንድስና ችግር ነው ትላላችሁ? እኔ የማስተባበር ጉድለት ነው እላለሁ።

የለገሃር መሬትስ? በኅዳር 2011 ዓ.ም. 36 ሄክታር ገደማ በሚሆነው በዚያ ቦታ ላይ ትልቅ የመኖሪያና የንግድ መንደር እንደሚገነባ በይፋ ተበሰረ። ሕጉ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም መሬት እንዲያስለቅቅ ይፈቅዳል፤ አዋጅ 1161/2011 ይህንን በዝርዝር ደንግጓል። የቅርስ ጥበቃ አዋጁ 209/1992ም አለ። ሁለቱ አዋጆች አንድ ቦታ ላይ ሲገናኙ የትኛው እንደሚቀድም በድርድር ሳይሆን አስቀድሞ በግልጽ መወሰን አለበት። አንድ መቶ ዓመት «ጣቢያ» ተብሎ የተጠራ ቦታ፣ ጣቢያ መሆኑ ቀርቶ ስሙ ብቻ እንዲቀር የማን ፈቃድ ይጠየቃል?

ከባሕር በር ክርክር ጋር ምን አገናኘው?

ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የባሕር በር ጉዳይ የአገሪቱ ትልቅ መነጋገሪያ ሆኗል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድና ያስነሳው ውዝግብም አይረሳም። በዚህ ክርክር የምሰማቸው ቃላት ወደብ፣ የባሕር ኃይል፣ ኪራይ፣ ሉዓላዊነት፣ ኮሪደር ናቸው። ሁሉም ከባድ ቃላት ናቸው። አንድ ቃል ግን አልሰማሁም፤ «ተሳፋሪ» የሚለውን።

የባሕር ሕግ ኮንቬንሽን ባሕር አልባ አገሮች ወደ ባሕር የመድረስና የትራንዚት ነፃነት እንዳላቸው በአንቀጽ 125 ይናገራል። ከእርሱ በፊት ያለው አንቀጽ 124 ደግሞ የትራንዚት ምልልስ ምን እንደሆነ ሲተረጉም የሰዎች፣ የጓዝ፣ የዕቃዎችና የማጓጓዣዎች መተላለፍ ብሎ ይዘረዝራል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ሕጉ የሚጀምረው ከሰው ነው። ሁለተኛው ጓዝ ነው፤ የአክስቴ ሎሚ ማለት ነው። ኮንቴይነሩ ሦስተኛ ላይ ነው የሚመጣው። እኛ ደግሞ ዝርዝሩን ከመሐል ጀምረን እናነባለን።

ከጎረቤት ጋር የሚደረግ የወደብ ስምምነት በሁለት መንግሥታት ፊርማ ይወለዳል። ዕድሜ የሚሰጠው ግን ሌላ ነው። የጂቡቲው ሹፌር አማርኛ የተማሩት በውል አይደለም። አክስቴ ሶማሊኛ የለመደችው በመግባቢያ ሰነድ አይደለም። አሮጌው ባቡር ሁለት አገር በጦርነትና በፖለቲካ በተቃወሰበት ዘመን ሁሉ ሰዉን ሲያገናኝ የቆየው ከተማ መሐል ገብቶ ስለሚቆም ነው። ባሕር አለን ማለት ባሕሩ ዳር የሚያውቀን ሰው አለን ማለት ጭምር ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

የማነሳቸው ነጥቦች ገንዘብ የሚያንቀጠቅጡ አይደሉም። ሐዲዱ አይነሳም፤ ጣቢያዎቹም ወደ ከተማ አይጎተቱም። ነገር ግን ከለቡ፣ ከድሬዳዋውና ከናጋድ ጣቢያ መሐል ከተማ የሚገባ፣ ሰዓቱ ከባቡሩ ሰዓት ጋር የተሳሰረ፣ በዚያው ትኬት የሚሳፈሩበት አውቶቡስ መመደብ ይቻላል። ይህ የበጎ ፈቃድ ጉዳይ ሳይሆን የአገልግሎት ግዴታ ሆኖ በደንብ መጻፍ አለበት።

ሁለተኛ፣ የምድር ባቡር ጡረተኞች እያለፉ ነው። የድሬዳዋው ወርክሾፕ ለዘመናት የሙያ ትምህርት ቤት ነበር። መለዋወጫ ሲጠፋ ቀርጸው የሚያወጡ እጆች ነበሩት። ምጽዋ ላይ እንደሆነው፣ ሳይረፍድ ጠርቶ መጠየቅ፣ መቅዳት፣ ወርክሾፑንና ጣቢያዎቹን በቅርስነት መመዝገብ የመንግሥትም የከተማውም ሥራ ነው።

ሦስተኛ፣ ወደፊት በሚሠሩ መስመሮች ሁሉ ከተማው ጣቢያው የት ይቁም በሚለው ላይ ድምፅ ይኑረው። የካሳ ስሌት ሲሠራ የሚቀነሰው መሬት ብቻ ተቆጥሮ፣ ለመቶ ዓመት ከተማው የሚያጣው ንግድ ሳይቆጠር መቅረት የለበትም።

ከጂቡቲ ስመለስ ለአክስቴ ደወልኩ። ዛሬ በሕይወት የለችም፤ ያኔ ግን ድሬዳዋ ቤቷ ነበረች። አዲሱን ባቡር ስነግራት፣ ፍጥነቱን ስነግራት፣ ንጽሕናውን ስነግራት በጥሞና ሰማችኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«የት ነው የሚያወርድህ?»

ሚኒስትሮቻችንም መሐንዲሶቻችንም ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጉ መጀመሪያ እንዲጠይቁት የምመኘው ይህንኑ ነው።

ቸር እንሰንብት።